ባዶ የተባለው ቤት

ያለፈውን የማይረሳ፣ ለሚመጣው የማይቸኩል፣ ዘመናት ሁሉ በፊቱ እንደ ተገለጠ ብራና የሚነበቡለት እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ከዚህ በታች የሚተረከው ገና ያልሆነ ነገር ነው። ይሁን ወይም አይሁን ቀኑን የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። ሰው ግን ያልደረሰበትን ዘመን በአሳቡ ቀድሞ መጎብኘት ተፈቅዶለታልና፣ ታሪኩ እንደ ሆነና እንደ ተፈጸመ ተደርጎ ይነገራል።

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ጨፌ በር የሚባል ታላቅ ከተማ ነበረ። በከተማው መካከል ባለ ሁለት በር ሕንጻ ቆሟል፤ ምሥራቃዊ በሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ፣ ምዕራባዊ በሩ ወደ ከተማው አስተዳደር አደባባይ ይከፈታል። ስሙ በወረቀት ላይ «የከተማ ዕውቀት የጋራ ቤት» ነው፤ ሕዝቡ ግን ማኅደር ይለዋል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ዩኒቨርሲቲውና አስተዳደሩ ስለ ከተማው የሚያውቁትን ሁሉ ሊካፈሉ ቃል ኪዳን ሲገቡ የተሠራ ነው። ከዚያ ቀደም የምሁራኑ ጥናት በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣ ነበር፤ ሹማምንቱም ጎርፍ በየክረምቱ ከአንድ ስፍራ ቤት ሲወስድ፣ ስለምን ከዚያ ስፍራ እንደሚወስድ የሚነግራቸው አጥተው በየክረምቱ ድንኳን ያድሉ ነበር። ቃል ኪዳኑ ከተፈረመ ወዲህ በጨፌ በር ጎርፍ የወሰደው ሰው የለም። ይህን ሳይመሰክሩ ማለፍ ግፍ ነው።

ማኅደር የማያውቀው ነገር ጥቂት ነው። ዳቦ ቤቶች ገና ጎሕ ሲቀድ በዕለቱ ስንት ዳቦ እንደሚሸጡ ይነገራቸዋል፤ ያንኑ ያህል ይጋግራሉ፤ አንድ አይተርፍም፣ አንድ አይጎድልም። አውቶቡስ የሚቆመው ሰው ቆሞ በሚጠብቅበት ሳይሆን ሰው ሊመጣ ባለበት ስፍራ ነው። ለቅሶ ቤት ወንበር የሚላከው የለቀስተኛው ቁጥር አስቀድሞ ታውቆ ነው፤ ሟቹ ከተገመተለት በላይ ወዳጅ የነበረው እንደ ሆነ የተረፉት ቆመው ያለቅሳሉ። ነዋሪው ሁሉ በግራ እጁ ላይ ቀጭን አንባር ያስራል። በየማለዳው የቤቱ በር «ደኅና አደሩ» ይለዋል፤ ትናንት ምን ያህል እንደ ተራመደ፣ ምን ያህል ውሃ እንደ ቀዳ ይነግረዋል። ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አንደኛው «ማኅደር ያውቃል» ካለ ክርክሩ ያበቃል።

ወይዘሮ ኤፍራታ ዘርዓ ብሩክ በዚህ ከተማ የሸንበቆ ሰፈር ነዋሪ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆነው በየቤቱ ሲዞሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። የመጨረሻዋ አንባቢ እርሳቸው ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ ቆጣሪዎቹ ራሳቸውን ያነብባሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗል፤ ልጅ አልወለዱም። በዚህ ዓለም አለኝ የሚሉት ከአስተዳደሩ የተከራዩት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ብቻ ነበር።

በየዓመቱ የፍልሰታ ጾም ሲገባ በኮረብታው ላይ ባለችው በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሱባኤ ይገባሉ። በዚያም ዓመት ነሐሴ አንድ ቀን ማለዳ አንባሩን ከእጃቸው ፈትተው በመደርደሪያ ላይ አኖሩት፤ መብራቱን አጠፉ፤ ቧንቧውን ጠበቅ አድርገው ዘጉ። ምን ጉዳይ ይዘው ሱባኤ እንደ ገቡ ከእርሳቸውና ከነፍስ አባታቸው በቀር ያወቀ የለም፤ በዚህ ጽሑፍም አይገኝም።

ነገር ግን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር አንድ ደንብ ተለውጦ ነበር። ዝም ያለ ቤት፣ ማለትም ውሃ ያልተቀዳበት፣ መብራት ያልበራበት፣ የሰው እርምጃ ያልተሰማበት ቤት፣ በሠላሳኛው ቀን ፈንታ በዐሥራ አራተኛው ቀን ባዶ እንዲባልና ቤት ለሚጠብቁ እንዲሰጥ ተወሰነ። የሚጠብቀው አርባ ሺህ አባወራ ስለ ነበረ ውሳኔው በደስታ ተሰማ። ከከተማ የሚወጡትም ወዲያው መላ አበጁለት፤ ቧንቧቸውን በጥቂቱ እያንጠባጠበ እንዲቆይ ትተውት ይሄዳሉ።

ወይዘሮ ኤፍራታ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ጎረቤታቸው ከአጥር ማዶ አየቻቸው።

«እትዬ ኤፍራታ! ቧንቧዎን ጠብ ጠብ አድርገው ይሂዱ እንጂ፤ ዘንድሮ እኮ ሌላ ነው።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሳዘጋ ኖሬ፣ በእርጅናዬ ልከፍት?» ብለው ሳቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ በበዓሉ ቀን፣ ቅዳሴ አስቀድሰው ጾማቸውን ፈትተው ከቀትር በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሩ ፊት ቆሙ። በሩ እንደ ወትሮው «ደኅና ዋሉ» አላላቸውም።

«ማንን ፈልገው ነው?» አላቸው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከገዛ በሩ የሰማ ሰው ለመመለስ ጊዜ ይፈጅበታል። ወይዘሮ ኤፍራታ «ራሴን» አሉ። በሩ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላገኘም።

ድምፅ የሰማች አንዲት ሴት ከውስጥ ወጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻሽ አስራለች፤ በጣቶቿ ጥፍር ሥር ጥቁር የሞተር ዘይት ይታያል። ሒክመት ትባላለች፤ በአውቶቡስ መጠገኛ የምትሠራ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት።

«እናቴ፣ ማንን ልጥራልዎት?»

«የቤቱን ባለቤት።»

«እኔ ነኝ። ትናንት ነው የገባነው።»

ወይዘሮ ኤፍራታ በሴቲቱ ትከሻ ላይ አሻግረው ሁለት ልጆች ወደሚጫወቱበት ክፍል አዩ። ሥዕለ ማርያም የተሰቀለችበት ስፍራ በግድግዳው ላይ ነጣ ብሎ ቀርቷል።

«ዕቃዬስ?» አሉ።

ሒክመት እጇን ወደ አፏ አነሣች። «ሰዎች መጥተው ጠቅልለው ወሰዱት» አለች። «በሥርዓት ነው ያደረጉት፣ እውነቴን ነው፤ አንዲት ብርጭቆ አልሰበሩም። ቁጥር ለጥፈው ወደ መጋዘን አስገቡት። እኔ እኮ... ያረፉ መስሎኝ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«አላረፍሁም፤ ሱባኤ ላይ ነበርሁ» አሉ ወይዘሮ ኤፍራታ። «ስንት ዓመት ጠበቅሽ?»

«ዘጠኝ።»

«ብዙ ነው» አሉና፣ ውሃ እንኳ እንዲጠጡ ብትለምናቸው «ሌላ ቀን» ብለው ወደ መጡበት ኮረብታ ተመለሱ።

በማግስቱ ወደ ማኅደር ሄዱ። በምዕራቡ በር በአቤቱታ መስኮት የሚቀመጠው ያፌት የሚባል ጎልማሳ ነበር። ሰው አክባሪ ነው፤ ለባለጉዳይ ሁሉ ከወንበሩ ይነሣል። ጉዳያቸውን እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«እማማ፣ ቤቱን ለሌላ የሰጠነው እኛ ነን። አልክድም» አለ። «ነገር ግን እኛ እንወስናለን እንጂ አናውቅም። ቤትዎ ባዶ መሆኑን ያወቀው ዩኒቨርሲቲው ነው። በምሥራቁ በር ይግቡ።»

ከምዕራቡ በር ወደ ምሥራቁ በር ለባለጉዳይ የተከፈተ የውስጥ መተላለፊያ የለም። ሕንጻውን በውጭ ዙረው፣ በዳቦ ቤቱ ፊት አልፈው፣ ዐሥር ደቂቃ ተጉዘው ደረሱ። በዚያ ዶክተር ሳምራዊት የምትባል ወጣት ምሁር ተቀበለቻቸው። የዐሥራ አራቱን ቀን ደንብ ያጠናችው እርሷ ናት። ፊት ለፊታቸው ባለው ሰሌዳ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር አሳየቻቸው።

«እማማ፣ ይኸው፤ ይህ ቤትዎ ነው። ከነሐሴ አንድ እስከ ነሐሴ ዐሥራ አራት።»

«ይህ ዝምታ ነው እንጂ ቤቴ አይደለም።»

«ለእኛ ዝምታና ባዶነት አንድ መስመር ናቸው» አለች፤ አነጋገሯ ክፋት የለበትም፣ ያየችውን የምትናገር ሰው አነጋገር ነው። «ከመቶ ዝም ያሉ ቤቶች ዘጠና አራቱ በእውነት ባዶ ናቸው።»

«ስድስቱስ?»

«ስድስቱ ምክንያታቸውን አቅርበው ይመለሳሉ። ግን እኛ እናውቃለን እንጂ አንወስንም፤ ምክንያቱን የሚቀበለው አስተዳደሩ ነው።»

ወይዘሮ ኤፍራታ ሕንጻውን እንደገና ዞሩት። ያፌት ሲመለሱ ሲያይ አልተገረመም፤ መስኮቱን ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ ይስሙኝ። ቅጹ የሚቀበለው አምስት ምክንያት ነው፤ ሕመም፣ ሐዘን፣ ከከተማ ውጭ ጉዞ፣ እስራት፣ የመሣሪያ ብልሽት። ሕመም ይበሉኝ፤ ነገ ቤትዎ ገብተው ያድራሉ።»

«አልታመምሁም።»

«ሁሉም ታምሜ ነበር ነው የሚለው። ከግንቦት ወዲህ ከሸንበቆ ሰፈር ብቻ ሦስት መቶ ሰው ታሟል።»

«ታዲያ ማኅደራችሁ ሰፈራችን ወረርሽኝ ገባበት ብሎ አምኗል ማለት ነው?»

ያፌት ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቋረጠ። «እንዲያውም...» አለ አንገቱን እያከከ፤ «እዚያ ክሊኒክ ሊከፈት ነው። ለእሱ ሲባል የመዋዕለ ሕፃናቱ ግንባታ ተላልፏል።»

«አየህ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ኤፍራታ። «ቆጣሪ ሳነብ ያላየሁትን ቁጥር ጽፌ አላውቅም። ውሻ ያባረረኝ ቀን እንኳ "ውሻ አባረረኝ" ብዬ ነው የጻፍሁት። ዛሬ ያላመመኝን ሕመም ላጽፍ?»

«ቤትዎን ያጣሉ እኮ እማማ! ከነሐሴ ሃያ አምስት በኋላ ውሳኔው ይጸናል፤ እኔም ብሆን፣ ከንቲባውም ቢሆን አንከፍተውም።»

«ሱባኤ የሚል ብትጨምርበትስ?»

«መጨመር የእነሱ ነው» አለ፤ በአውራ ጣቱም ወደ ምሥራቅ አመለከተ።

በኪዳነ ምሕረት ቅጥር የሱባኤተኞች ማረፊያ በዚያ ሰሞን ባዶውን ነበርና ካህናቱ አንድ ክፍል ሰጧቸው። ቀኖቹ አለፉ። ወይዘሮ ኤፍራታ ከዚያ ቤት ወጥተው ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር፤ ቤት ለማግኘት ሰልፍ ቢገቡ ተራው የሚደርሳቸው በሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጸሎት እያደረሱ ሳለ ያቺ አንዲት ቃል ትመጣባቸው ጀመር። ሕመም። ጉልበታቸው በእውነት ያማቸው ነበር፤ ከስግደቱ በኋላ በተለይ። ታምሜ ነበር ቢሉ ውሸት የሚላቸው ማን ነው? በሦስተኛው ቀን ነጠላቸውን ለብሰው እስከ ቅጥሩ በር ወረዱ። በሩ ላይ ቆመው ቃሉን እንዴት እንደሚናገሩት በአፋቸው ሞከሩት። ቤቱ ዝም ያለው ጉልበታቸው ስላመማቸው ነበርን? አይደለም። ተመልሰው ወጡ። በማግስቱ ደግሞ እንዲሁ ወርደው ተመለሱ።

ነሐሴ ሃያ ሁለት ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሴት ከቅጥሩ ውጭ ቆማ እንደምትጠራቸው ተነገራቸው። ሒክመት ነበረች።

«መግባት ይቻለኝ እንደሆነ ስላላወቅኩ ነው እዚህ የቆምኩት» አለች።

«ምነው፣ ልጆቹ ደኅና?»

«ደኅና ናቸው። ሐቁን ልነግርዎት ነው የመጣሁት፤ ሳልጨርስ እንዳያቋርጡኝ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «በመስኮቱ ደፍ ላይ የጤና አዳም ተክል አለዎት።»

«ወሰዱት ብዬ ነበር።»

«ሕይወት ያለው ነገር ከዝርዝሩ አይገባም ብለው ትተውት ሄዱ። አፈሩ ውስጥ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ተደፍቷል፤ ቀስ እያለ እንዲያጠጣው። ያን ጠርሙስ ያየሁት የገባሁ ዕለት፣ ሻንጣዬን እንኳ ሳላወርድ ነው። የሞተ ሰው፣ ጥሎ የሄደ ሰው፣ ለጤና አዳም ውሃ አያዘጋጅም። ያን ቀን በር ላይ "ያረፉ መስሎኝ" ያልኩዎት ውሸት ነው። ሰው እንዳለው አውቄአለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።»

ወይዘሮ ኤፍራታ አላቋረጧትም።

«አባቴ በረመዳን መጨረሻ ዐሥሩን ቀን መስጊድ ይገባ ነበር፤ ኢዕቲካፍ እንለዋለን። እናቴ በእነዚያ ቀኖች አታስጮኸንም። ቤታችን ጭር ይል ነበር። "ቤቱ አባታችሁን እየጠበቀ ነው" ትለን ነበር እንጂ ባዶ ነው ብላን አታውቅም። እርስዎ ሱባኤ ላይ ነበርሁ ሲሉኝ ወዲያው ነው የገባኝ፤ ደንቡን ካጠኑት ትልልቅ ዶክተሮች በፊት ነው የገባኝ። ግን ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት በወንድሜ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነን!»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«አብረን እንሂድና እንናገር።»

«ብትናገሪ ቤቱን ታጫለሽ።»

«አውቃለሁ። ልጆቼ እዚያ ቤት ውስጥ ይጫወታሉ፤ እኔ ግን ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማደርገው ያን ጠርሙስ መሙላት ነው። በሰው ቤት እንደምሠራ ሠራተኛ ሆኛለሁ።»

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን በምዕራቡ መስኮት ቆሙ። ያፌት አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ።

«ከሳሽ ማናችሁ?»

«ሁለታችንም» አለች ሒክመት። «ቤቱ ባዶ አልነበረም እንላለን። እኔ ያገኘሁት ነኝ፤ እሳቸው ያጡት ናቸው።»

ያፌት ይህን ሰምቶ አያውቅም። የቃል ኪዳኑን ሰነድ ከመሠረቱ ጀምሮ አነበበ። በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ ያገኘና ያጣ በአንድ ቃል ሆነው ሲመጡ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይስሙ፤ በዚያም ያወቁትን አብረው ይወስኑ። ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ለዚህ ብለው በሕንጻው መካከል አንድ ክፍል አሠርተው ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘ ሰው ካጣው ጋር መጥቶ ስለማያውቅ ክፍሉ የተበላሹ ወንበሮች ማከማቻ ሆኖ ኖሯል።

ነሐሴ ሃያ አምስት ቀን ጠዋት፣ ውሳኔው ሊጸና የአንድ ቀን ዕድሜ ሲቀረው፣ ወንበሮቹ ወጡና አራቱ ሰዎች በዚያ ክፍል ተቀመጡ። ዶክተር ሳምራዊትና ያፌት ለስድስት ዓመት በየቀኑ ጽሑፍ ሲለዋወጡ የኖሩ ናቸው፤ ፊት ለፊት ሲተያዩ ግን ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አንተ ነህ ያፌት? ሽማግሌ መስለኸኝ ነበር» አለች።

«ደብዳቤሽ ያስረጃል» አላት።

ሒክመት ያየችውን ተናገረች። ዶክተር ሳምራዊት በጥሞና ጻፈች። ከዚያም «መፍትሔው ቀላል ነው» አለች፤ ፊቷ በራ። «የጎደለን ዕውቀት ነው። አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች በየጊዜው ሱባኤ የገቡትን ሰዎች ስም ለማኅደር ያካፍሉ። ማን፣ መቼ፣ ለስንት ቀን። ከዚያ ወዲያ ማንም አይሳሳትም።»

«አይሆንም» አሉ ወይዘሮ ኤፍራታ።

«ለምን እማማ? የሚጠቅመው እርስዎን ነው።»

«ልጄ፣ ጎረቤቴ እንኳ ስንት ቀን እንደምጾም እንድታውቅብኝ አልፈልግም። በሰውና በፈጣሪው መካከል የሚደረግ ነገር በመዝገብ ሲሰፍር ሌላ ነገር ይሆናል። ነገ ደግሞ ስንት ሰው ለምን ጉዳይ እንደ ጸለየ ታጠኛለሽ።»

ዶክተር ሳምራዊት ዓይኗን ወደ ጽሑፏ መለሰች፤ ጥናቱ ደስ የሚል ሆኖ ለቅጽበት ታይቷት ነበርና።

«አባቴም አይሰጣችሁም ነበር» አለች ሒክመት።

«እሺ፣ ካልነገራችሁን በምን እንወቅ?» አለች ዶክተሯ፤ አሁን ድምፁ የመረረው የእርሷ ነበር። «አርባ ሺህ ሰው ቤት ይጠብቃል። ይህችም እናት ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች። ዝም ያለውን ቤት ሁሉ ሰው አለበት ብለን እንተወው?»

ወይዘሮ ኤፍራታ እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «እኛ ቆጣሪ አንባቢዎች አንድ ልማድ ነበረን» አሉ። «በደንብ የተጻፈ አይደለም። ካለፈው ወር ያልተንቀሳቀሰ ቆጣሪ ስናገኝ ቁጥሩን ጽፈን አንሄድም፤ በሩን እናንኳኳለን። ሰው ካልወጣ በሦስተኛው ቀን ተመልሰን እናንኳኳለን። አንዳንዱ በእውነት ሄዷል። አንዳንዱ ወድቆ ተሰብሮ ሰው ይጠብቃል። አንዷ ሙሽራ ነበረች፤ ከባሏ ተጣልታ ከአልጋ አልነሣም ያለች፤ እንዴት አድርጋ እንደ ሰደበችኝ!»

ያፌት ሳቀ።

«ማንኳኳት መረጃ አይደለም» አለች ዶክተር ሳምራዊት።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማንኳኳት...» አለችና ቆመች። «መጠየቅ ነው።»

ከዚያ ያፌት የሳምንቱን ዝርዝር አወጣ፤ ነገ ባዶ ሊባሉ የተዘጋጁ ሠላሳ አንድ ቤቶች ነበሩ። «ሁለቱ እዚህ አጠገብ ናቸው፤ በእግር እንደርሳለን» አለ።

አራቱም ወጡ። የመጀመሪያው ቤት ቢንኳኳ ዝም አለ፤ ጎረቤት ወጥታ ሰውየው ከልጁ ዘንድ ጠቅልሎ መሄዱን ነገረቻቸው። ዶክተር ሳምራዊት «እንዳልኩት» አለች፤ ነገር ግን ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሁለተኛው ቤት ሲንኳኳ እንዲሁ ዝም አለ። ያፌት ሊመለስ ሲል ወይዘሮ ኤፍራታ ደግመው አንኳኩ። ብዙ ቆይቶ መቀርቀሪያ ተንቋቋ። ጢሙ ያደገ፣ ብርሃኑ ዓይኑን የወጋው ሰው ብቅ አለ። በእጁ አንባር የለም፤ ከበስተኋላው ቤቱ ጨለማ ነበር፤ ለለቅሶው ውሃ የተሞላ በርሜል ከአልጋው አጠገብ ቆሟል።

«ማን ላካችሁ?» አለ።

ዶክተር ሳምራዊት በያፌት እጅ ያለውን ዝርዝር ተመለከተች።

«ማንም አልላከንም፤ ደኅና ነህ ወይ ልንልህ ነው» አሉ ወይዘሮ ኤፍራታ።

ሰውየው ጥቂት አያቸው። «ሚስቴን ከቀበርኩ ሦስት ሳምንት ሆነ» አለ። «ደኅና ነህ ወይ ያለኝ ሰው ከሠልስቱ ወዲህ እናንተ ናችሁ።» ከዚያ በሩን ይዞ ማልቀስ ጀመረ። የእርሱም ቤት በማኅደር ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ነበር።

ያፌት ባልደረቦቹን ጠርቶ የቀሩትን ቤቶች አስንኳኳ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ከሠላሳ አንዱ ቤቶች ዐሥራ ዘጠኙ ባዶ፣ ዐሥራ ሁለቱ ሰው ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ዶክተር ሳምራዊት ቁጥሩን በእጇ ጽፋ ለብዙ ጊዜ ተመለከተችው። ከመቶ ስድስት ብላ የነበረው ወደ አርባ ቀረበ፤ ስድስቱ ታመምን ብለው የተመለሱት ብቻ ነበሩ፤ እንዲህ ያላሉት ሁሉ ከባዶዎቹ ጋር ተቆጥረው ኖረዋል። «እኔ የለካሁት ሰው ምን ያህል እንደሚዋሸኝ ነው» አለች ለያፌት።

በዚያው ቀን ሁለቱ ወገኖች በአንድ ገጽ ላይ ፈረሙ። በሦስት ልዩ ልዩ ቀን ሰው ሄዶ በሩን ሳያንኳኳ ማንኛውም ቤት ባዶ አይባልም። የወይዘሮ ኤፍራታ ቤት ከነዕቃው ተመለሰ። ያፌት ቅጹን ሲሞላ ከምክንያት ስፍራ ደረሰና ቆመ፤ ቅጹ አሁንም ከአምስቱ ሌላ አይቀበልም ነበር። በሁለቱ ፊርማ ኃይል ስድስተኛ ከፈቱና በላዩ ላይ «አልተጠየቁም» ብሎ ጻፈበት። ሒክመት ወደ ሰልፉ ራስ እንድትመለስ ተወሰነ፤ ሆኖም ከጥቅምት በፊት የሚደርስላት ቤት አልነበረም።

ወይዘሮ ኤፍራታ በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሲደርሱ በሩ «ደኅና ዋሉ፣ ወይዘሮ ኤፍራታ» አላቸው፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ። በውስጥ ሒክመት ፍራሽ በገመድ ታስራለች፤ ልጆቿ በሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወዴት ልትሄጂ ነው?»

«ወደ ወንድሜ።»

«ሰባት ሆናችሁ?»

«ስምንት። ሚስቱ ወልዳለች።»

ወይዘሮ ኤፍራታ ነጠላቸውን አውልቀው ሰቀሉ። «እኔ የምተኛው በአንድ ክፍል ነው» አሉ። «ሌላው እስከ ጥቅምት ምን ይሠራል?»

«እናቴ፣ አይሆንም። ሕጉ አንድ ቤት ለአንድ ስም ነው።»

«ስለ ስም ነው እንጂ ስለ ፍራሽ ምን አለ? ፍቺው ያን ገመድ፤ ጉልበቴን እያመመኝ አታስቁሚኝ።»

ሒክመት ሳቀች፤ ሳቋም ወዲያው ተሰበረና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገመዱን ግን ፈታችው።

በነጋው ጠዋት በሩ እንደ ልማዱ ሰላምታ ከሰጠ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨመረ። በዚህ ቤት የሁለት ቤተሰብ እርምጃ ተሰምቷል አለ። ለመዝገቡ ትክክለኛነት ሲባል፣ ከሁለቱ እናቶች እንግዳዋ የትኛዋ ናት?

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ኤፍራታ።

«እኔ ነኝ» አለች ሒክመት፤ በዚያው ቅጽበት።

በሩ ደግሞ ጠየቀ። መልሱ አልተለወጠም። ጉዳዩ በምሥራቁ በር በኩል ለዶክተር ሳምራዊት፣ በምዕራቡ በር በኩል ለያፌት ደረሰ፤ ስሕተት እንደ ሆነ እንዲያርሙት ተጠየቁ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ አንድ መልስ ላኩ። «ስሕተት የለበትም፤ እንዳለ ይቆይ።» ስለዚህ በማኅደር መዝገብ በዚያ ቤት ስም ሥር፣ በእንግዳ ስፍራ ሁለት ስሞች ሰፈሩ፤ በባለቤት ስፍራ ግን የማንም ሰው ስም አልተጻፈም።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ የቤት ሁሉ ባለቤት የሆነው እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ። መግባታችሁን ይባርክ፤ መውጣታችሁን ይባርክ። ዝም ብትሉ ልመናችሁን ይስማ፤ ብትናገሩ ቃላችሁን እውነት ያድርገው። ልጆቻችሁ በሰላም የሚያድሩበት፣ መንገደኛ የሚያርፍበት፣ ሽማግሌ የማይረሳበት ቤት ያድርግላችሁ። አሜን።